ለሩቲ ሠርግ የተቀባ ቸርኬ

ካዛንቺስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጃችን ለእጸገነት፣ ሻርጃ

በዚያ ሙቀትና በዚያ ሁሉ ሥራ ላይ አምላክ ጤናሽን አብዝቶ እንደሚሰጥሽ ተስፋዬ ነው። እኛ በቸርነቱ አለን። እትዬሽ ወለተማርያም ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ታናሽሽ ፋኑኤልም ሥራውን ይዞ ደህና ነው። ሰፈራችን ግማሹ ለልማት ተነሥቶ እኛ ከቀሩት መሃል ነን፤ ግቢያችን እንዳለች ናት።

ስልክ ብትደውዪ እንደማይሰማኝ ታውቂያለሽ። ግራ ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል፣ ቀኙም ሊከተለው ነው። ስለዚህ እንደ ልማዴ በእጄ እጽፋለሁ፣ ሩቲ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች፤ የአንቺንም አሳትማ ታመጣልኛለች። ያልተጻፈ ነገር እንዳልተባለ ነው የምቆጥረው። የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ የኖርሁት በዚሁ ነው።

አሁን ወደ ደስታው ልምጣ። ሩቲ ልትዳር ነው። አንቺ በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሻት ሩቲ። ልጁ ፊሮምሳ ይባላል፣ ሜክሲኮ አካባቢ ባንክ ውስጥ ይሠራል፣ ጨዋ ልጅ ነው። ሠርጉ እሑድ ጥር 17 እንዲሆን ተስማምተናል።

የምጽፍልሽ ግን ስለ መኪናዬ ነው። ሰማያዊዋን ኮሮላ ታስታውሻታለሽ፤ በየማለዳው ስታጥቢያት የነበረችው ራሷ ናት። ሙሽራዋ በልጁ ወገን በተከራዩት መኪና ነው የምትሄደው፣ እሱ ደንብ ነው። እኔ ደግሞ ሽማግሌዎቹን ይዤ በራሴ መኪና እከተላለሁ። የሙሽራዋ አባት የሰው መኪና ውስጥ ተጎልቶ ሲሄድ መታየት አልፈልግም። አካሏ ደህና ነው፣ ሞተሯም እንዲሁ። የሚያሳፍረኝ ቸርኬዋ ነው፤ ጎማው የተገጠመበት ብረት ዝጎ ዝጎ የአሮጌ ድስት ቂጥ መስሏል። ቡልጋሪያ ሰፈር ካሉት ጋራዦች አንዱ ጋ ወስጄ ነበር። የጠየቁኝን ዋጋ ሰምቼ መኪናዬን ይዤ ወጣሁ። በዚያ ላይ አንዴ ነጭ ከቀቡት ዕድሜ ልክ ነው፤ ለአንድ ቀን ሠርግ ብዬ መኪናዬ ሙሽራ መስላ እንድትቀር አልፈልግም።

አንቺ መኪና በማሳመር ሥራ ላይ ነሽ። የምታውቂው ዘዴ ካለ ለአባትሽ ጻፊለት። እኛ ልጃችን ብለን ነው ያሳደግንሽ፣ ዛሬም ችግራችንን የምንነግረው ለልጃችን ነው።

አምኃ


ሻርጃ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ አምኃ

እርስዎም እትዬ ወለተማርያምም በጤና ውላችሁ በጤና እንድታድሩ እመቤቴን እለምናለሁ።

የሩቲን ነገር ሳነብ ሥራዬን አቁሜ ተቀመጥኩ። ሕፃን ሆና ስትተኛ ቀሚሴን ጨብጣ ነበር የምትተኛው፤ ተነሥቼ ወደ ሥራ እንዳልሄድባት። በዚህ ዓለም ላይ የኔ የምላት እሷን ነው። ለእሷ ሠርግ ሲሆን የምሰስተው ነገር የለም።

መኪናዋንም አስታውሳለሁ። ቸርኬዋን በጥርስ ብሩሽ ነበር የማጥበው። እርስዎ ጣትዎን አስገብተው አቧራ አለመኖሩን ካዩ በኋላ ነበር ቁርስ የሚሰጠኝ።

እኛ ሱቅ የምንሠራበት የሚላጥ ቀለም አለ። ሲቀቡት ቀለም ነው፣ ሲደርቅ ግን እንደ ስስ ጎማ ይሆናል። ሲሰለችዎ ጠርዙን በጥፍርዎ አንሥተው ቢስቡት እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተያይዞ ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው ብረት እንደነበረ ነው። ለእርስዎ የሚሆነው ይኸው ነው። ለሠርጉ ይቀቡታል፣ ሠርጉ ሲያልፍ ይልጡታል። የሚረጨው ጣሳ አውሮፕላን ላይ አይጫንም፤ በብሩሽ የሚቀባውን በካርጎ ልኬዋለሁ፣ ፋኑኤል ሄዶ ይቀበል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጎማውን መንቀል አያስፈልግም፣ መኪናው እንደቆመ ነው የሚሠራው። ቸርኬውን በሳሙና አጥበው፣ ቅባት እንዳይቀርበት በአልኮል ጠርገው፣ ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ቀለሙ ጎማውን እንዳይነካ በጎማውና በብረቱ መሃል ዙሪያውን ጠንካራ ወረቀት ይሰኩ። ከዚያ ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ሲደርቅ ይድገሙ፣ እንደገና ይድገሙ። ስስ ሆኖ ከቀረ ሲላጥ ይበጣጠሳል፤ ወፈር ካለ ግን በአንድ ላይ ይወጣል።

ሩቲን ሳሙልኝ። የልብሷን ልክ ትጻፍልኝ።

እጸገነት


ካዛንቺስ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጃችን ለእጸገነት

የላክሽው ደርሶን ቤቱ በሙሉ መርቆሻል፤ ምርቃቱ ከነሙሉነቱ ይድረስሽ። እትዬሽ "ይቺ ልጅ ወልዳ ትሳም" ብላ ተንበርክካ ነው የመረቀችሽ፣ በዚያ ጉልበቷ።

ሥራውን ጨርሻለሁ። ፎቶው ከዚህ ጋር አለ። ግን ያልሽኝን በሙሉ አልተከተልሁም፣ ላስረዳሽ። መኪናው እንደቆመ ይሠራል ብለሽ ነበር። ይህን አልተቀበልሁትም። እኔ በኃላፊነት ሳለሁ ሾፌሮቹ የሚታየውን ብቻ ቀብተው ተሽከርካሪ ሊያስረክቡኝ ሲመጡ፣ ጎንበስ ብዬ ጀርባውን አይቼ መልሼ እሰዳቸው ነበር። ለገዛ ልጄ ሠርግ እንዴት ግማሽ ሥራ እሠራለሁ? ፋኑኤል በክሪክ እያነሣ፣ እኔ ብሎኬት እያስገባሁ አራቱንም ነቀልናቸው። ግቢው ውስጥ ካርቶን አነጠፍን። ጠንካራ ወረቀት ስትዪ የጥሪ ካርድ ተርፎን ነበርና እሱን ሰካሁት። የሩቲና የፊሮምሳ ስም በጎማው ዙሪያ ቆሞ ሳየው ብቻዬን ሣቅሁ።

ፊቱንም ጀርባውንም ቀባሁት። የብሎን ቀዳዳዎቹን ውስጣቸውን በትንሽ ብሩሽ፣ ብሎኑ የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ ሳይቀር። ብሎኖቹንም ለብቻቸው ቀለሙ ውስጥ ነከርኋቸው። አንቺ ወፈር ካለ ጥሩ ነው ስላልሽ ደራረብሁት። መልሼ ስገጥመውም ብሎኑ ድሮ እንደሚያስቸግረው አላስቸገረኝም፣ ለስልሶ ነው የገባው። መፍቻው ላይ ቆሜ አጠበቅሁት። ጎረቤት እየመጣ ያያል። ፋኑኤል "አባዬ በቃ ከሊሞዚን በልጠሃል" እያለ ይቀልድብኛል። ከሠርጉ በፊት አልነዳትም፤ ነጩ እንዳይቆሽሽ አልብሼ አቁሜያታለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ላንቺ ብቻ። ሩቲ እንዳታየው ይህችን ገጽ የሚልክልሽ ፋኑኤል ነው። የእትዬሽ ወንድም አስመላሽ ደሴ ላይ አርፏል፣ ተቀብሯልም። ሠርጉ እስኪያልፍ ለእትዬሽ አልነግራትም፣ ለሩቲም እንዲሁ። ደስታ ላይ መርዶ አይጣልም። ይህን ወግ አንቺ ታውቂዋለሽ። እናትሽ የሻረግ ያረፈች ጊዜ የፋኑኤል ክርስትና ደርሶ ነበር፤ ድግሱ እስኪያልፍ ያዝሁልሽ። ከዚያ በወጉ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ሰብስቤ ነው የነገርሁሽ። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። ለወለድሁት ልጅ ከዚህ የተሻለ አላደርግም ነበር።

አምኃ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2018 ዓ.ም. (ያልተላከ)

ይድረስ ለጋሽ አምኃ

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ላቆየውና፣ መኪናዋን አያንቀሳቅሷት። ጎማዎቹን መልሰው ይንቀሉ። የብሎን ቀዳዳዎቹን፣ ብሎኑ የሚቀመጥበትንና የቸርኬውን ጀርባ የቀቡትን በሙሉ ይላጡ። ብሎን የሚጠብቀው ብረት በብረት ላይ ነው። ይህ ቀለም ለስላሳ ነው፤ በእሱ ላይ ከጠበቀ፣ መኪናው በሄደ ቁጥር ቀለሙ እየተጨፈለቀ ብሎኑ ይላላል፣ በመጨረሻም ጎማው ይወጣል። እዚህ አንድ አዲስ ሠራተኛ ይህን አድርጎ በዚያው ቀን ነው የተባረረው። አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ፤ ጎማውን ይነቅላሉ ብዬ ግን አላሰብኩም።

እስከዚህ ጽፌ ልልከው ነበር። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ደግሜ አነበብኩት። ሳስበው ደስ ይለኛል ብለዋል።

ያን ጊዜ የሆነውን እኔ ልንገርዎ። መልእክተኛው ከወረኢሉ መጥቶ ሳሎን ሲገባ ውሃ ያቀረብኩለት እኔ ነኝ። አየኝና ዓይኑን ሰበረ። እናቴ እንዴት ናት አልኩት። የመለሱልኝ እርስዎ ነዎት። "ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች፣ ሂጂ ሽንኩርቱን ክተፊ" አሉኝ። ሄጄ ከተፍኩ። በድግሱ ቀን ሰው አበላሁ፣ እጅ አስታጠብኩ። ማታ ዘፈኑ ሲደምቅ እትዬ "እጹም ትጨፍር እንጂ" ብለው እጄን ይዘው መሃል አስገቡኝ። እናቴ አፈር ለብሳ እኔ እስክስታ ወረድኩ። ከሚያጨበጭቡልኝ ሰዎች የሚበዙት ያውቁ ነበር። ድግሱ አልፎም ድስቱ ታጥቦ፣ የተዋስነው ወንበር እስኪመለስ ጠበቃችሁ። ከዚያ በማለዳ ነገራችሁኝ። አገሬ ሄጄ ላልቅስ ስል፣ ሕፃኑን ማን ይይዛል ተባልኩ።

ልጃችን ይሉኛል። በእናቷ ሞት የሚያስጨፍሯት ልጅ የለችም። እጠላዎታለሁ፣ ጋሼ። ይህን ለማንም ጽፌው አላውቅም።

ሩቲ በዚያ መኪና አትሄድም፣ እሷ በልጁ ወገን መኪና ነው። ብሎን ሲላላ ደግሞ አስቀድሞ ይንኳኳል። እርስዎ አይሰሙትም፤ ከኋላዎ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ግን ይሰሙታል፣ ያስቆሙዎታል። መስቀል አደባባይ መሃል፣ አዲሶቹ አማቾችዎ እያዩ፣ ሙሉ ልብስዎን ለብሰው ነጭ ቸርኬዎ ሥር ይንበረከካሉ። ሰው ይሥቃል። የምፈልገው ይኸን ብቻ ነው፤ ይኼ አይበዛብኝም።

ይህን ደብዳቤ አልልከውም።


ሻርጃ፣ ጥር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ አምኃ

ያሰቡት ሁሉ የተቃና፣ የደገሱት ሁሉ የተባረከ እንዲሆን ምኞቴ ነው። መልሴ ስለዘገየ አይቀየሙኝ፣ የዓመቱ መጨረሻ እዚህ ሥራ ይበዛል።

ፎቶውን አይቻለሁ። ንጹሕ ሥራ ነው። ጀርባውን ሳይቀር መቀባትዎን ሳነብ፣ ጋሽ አምኃ ድሮም እንዲህ ነው አልኩ። ምንም የሚጨመርበት ነገር የለም፣ እንዳለ ይተዉት። ስለ ጋሽ አስመላሽም ነፍስ ይማር፤ የነገሩኝን በልቤ ይዣለሁ።

ለሩቲ ጫማውንና ሽቶውን ልኬያለሁ። ከሠርጉ ማግሥት እደውልላታለሁ፣ ስልኳን እንዳታጠፋው ንገሯት።

እጸገነት


ካዛንቺስ፣ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጃችን ለእጸገነት

ሰላምና ጤና ካንቺ ጋር ይሁን። ሠርጉ በቸርነቱ አለፈ፤ ሕዝቡ ብዙ ነበር። ሩቲ ደህና ናት። ስልኳ በግርግሩ ጠፍቶባታል፤ ስለዚህ ይህን የሚልክልሽ ፋኑኤል ነው። ከባሏ ጋር ከከተማ ወጣ ብለው ስለሚሰነብቱ አትደውዪላት። ሌላ ዕቃም ለጊዜው አትላኪ።

አምኃ


ሻርጃ፣ ጥር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ አምኃ

እንደምን ሰነበቱ? እትዬስ? እርስዎ እኮ ስለ ቆርቆሮ እንኳ ቢጽፉ ሁለት ገጽ ይሞላሉ። ልጅዎን ድረው እንዴት ይህችን ታህል ብቻ ይጽፉልኛል?

የሠርጉን ፎቶ የሚልክልኝ ሰው ጠፋ። እትዬ ስልክ አያነሡም። ፋኑኤል መልእክቴን ያየዋል፣ አይመልስም። ሩቲ የባሏን ስልክ ተውሳ አንድ ቃል ብትልከኝ ምን ነበረበት? ተቀይማኝ ከሆነ ይንገሩኝ።

መኪናዋስ እንዴት ናት? ስለ እሷ ምንም አልጻፉም። አንድ ነገር ልነግርዎ ረስቼ ነበር፤ ጎማ ተነቅሎ ከተመለሰ በኋላ ብሎኑን ደግሞ ማየት ጥሩ ነው። ለጊዜው አይንዷት። ሰው ከተቀመጠባት ማለቴ ነው፣ እስኪታይ ማንንም አያሳፍሩባት። እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

እጸገነት


ካዛንቺስ፣ የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጃችን ለእጸገነት

እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥሽ። መኪናዋ ቆማለች፣ ማንም አይነዳትም።

እስቲ ይህን ጻፊልኝ። የቤትሽ አድራሻ በትክክል የት ነው? ከማን ጋር ነው የምትኖሪው? እዚያ ካለው የአገር ልጆች ማኅበራችሁ በዕድሜ ከፍ ያለ፣ የምታከብሪው ሰው ማን አለ? ከሥራ የምታርፊውስ በየትኛው ቀን ነው? እንዲሁ ለማወቅ ብዬ ነው።

አምኃ


ሻርጃ፣ የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ እዚህ ላለነው ሰዎች መቼ እንደሚጻፍልን አውቃለሁ። የጓደኞቼን በር በማለዳ ካንኳኩት መሃል አንዷ እኔ ነኝ።

ማን ነው? እርስዎ ጽፈውልኛል፣ እርስዎ አይደሉም። ፋኑኤል ነው የላከው፣ እሱም አይደለም። እትዬ ናቸው? እትዬ ናቸው ይበሉኝ። ስሙን ብቻ ይጻፉልኝ፣ ሌላ አልጠይቅም። የማኅበራችን ሰብሳቢ እማማ ቡዜ ይባላሉ፣ ስልካቸውን ከታች ጽፌዋለሁ። የማርፈው እሑድ ነው። እስከ እሑድ ግን አያቆዩኝ። ያንን አሁንም አያድርጉብኝ።


ካዛንቺስ፣ የካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእጸገነት

የሚያጽናና አምላክ ካጠገብሽ አይለይ። እሑድ በማለዳ የማኅበሩ ሰዎች መጥተው እንደነገሩሽ እማማ ቡዜ ለፋኑኤል ልከውለታል። ወድቀሽ እንደነበርም፣ እስኪመሽ ጥለውሽ እንዳልሄዱም ነግረውናል። ስሙን ብቻ ይጻፉልኝ ብለሽ ነበር። የሩቲን ስም በዚያ ወረቀት ላይ መጻፍ አልቻልሁም። ብቻሽን ሆነሽ እንድትሰሚውም አልፈለግሁም።

እንዴት እንደሆነ ከእኔ መስማት አለብሽ። ሠርጉ ራሱ በሰላም አልፏል። ሽማግሌዎቹን ይዤ ሄጄ ይዤ ተመለስሁ። ከመካከላቸው አንዱ "የሆነ ነገር ይንኳኳል" እንዳለ የሰማሁት በኋላ ነው፤ በክላክሱና በጭፈራው መሃል ነው ያለው፣ ለእኔ ደግሞ ማን ጮኾ ይነግረኛል?

በመልሱ ዕለት ሙሽሮቹ ወደ እኛ ቤት ሲመጡ፣ የተከራዩአቸው መኪኖች ተመልሰው ነበር። ፊሮምሳ ታክሲ እንጠራለን አለ። እኔ እምቢ አልሁ። ልጄን ወደ ቤቷ በአባቷ መኪና ነው የማመጣት አልሁ። ቡልጋሪያ ከተከራዩት ቤት ይዣቸው ተነሣሁ። ፊሮምሳ ከኋላ ነበር፣ ሩቲ ከፊት ከጎኔ። ስትናገር ፊቷን ማየት እንድችል ሁልጊዜ ከፊት ነው የምትቀመጠው። ለመልሱ የተሰፋላትን ልብስ ለብሳ፣ አንቺ የላክሽላትን ጫማ አድርጋ ነበር።

መስቀል አደባባይ ልንደርስ ስንል ትከሻዬን ነካችኝ። ዞር አላልሁም፣ መንገዱ የተጨናነቀ ነበር። ቤት ስንደርስ ትነግሪኛለሽ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋት። እንደገና ነካችኝ። ያን ጊዜም እጄን አወዛወዝሁላት። አባዬ አቁም፣ ጎማው ይንኳኳል ስትል እንደነበር የነገረኝ ፊሮምሳ ነው። የፊት ቀኙ ጎማ ወጣ። መኪናው የባቡሩ ምሰሶ ላይ ነው የሄደው፣ በእሷ በኩል። እኔ ምንም አልሆንሁም። ሆስፒታል ስንደርስ ልጄ በሕይወት አልነበረችም።

ወለተማርያም የልጇንም የወንድሟንም ሞት በአንድ ሳምንት ሰማች። ከእኔ ጋር አትነጋገርም። ምግቤን ታስቀምጥልኛለች፣ ፊቴን አታይም። ፋኑኤል አንድ ጊዜ "ብሎኑን ማን ነው ያጠበቀው?" ብሎ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። እኔ ነኝ አልሁት። ከዚያ ወዲህ አባዬ ብሎኝ አያውቅም።

ትራፊክ ፖሊሱ ብሎኑ ላልቶ ነው ብሎ መዝግቧል። ልጄ፣ እኔ አጥብቄዋለሁ። አራቱንም መፍቻው ላይ ቆሜ ነው ያጠበቅሁት። ግን ሰው ሁሉ እንዲያ ሲያየኝ እየዋለ፣ የፊት ቀኙን ማጥበቄን ራሴ መጠራጠር ጀምሬአለሁ። የኋላዎቹን አስታውሳለሁ፣ የፊት ግራውን አስታውሳለሁ። የፊት ቀኙ ላይ ስደርስ ማን ነበር የጠራኝ? ጎረቤት መጥቶ ይሆን? አላውቅም።

ፋኑኤል የቀሩትን ጎማዎች ወደ ቡልጋሪያ ወስዶ ለጎሚስታ ሊያሳይ ፈልጓል። ቆይ፣ እጸገነት ትንገረን፣ ሥራዋ ነው አልሁት። እሱም እናቱም ተስማሙ። አንቺ ያልሽውን እንቀበላለን ብለዋል። ያለ አንቺ የሚያምኑት ሰው የላቸውም።

እለምንሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ቀለሙ እንዲህ ያደርጋል? ወይስ እኔ ነኝ? ቀለሙ ነው ካልሽኝ ባለማወቅ ነው ብዬ ከልጄና ከሚስቴ ጋር ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። እኔ ከሆንሁም እርስዎ ነዎት በዪኝ። መሃል ላይ መኖር ግን አልቻልሁም።

አባትሽ አምኃ


ሻርጃ፣ የካቲት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ አምኃ

የሩቲን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። እርስዎንም እትዬንም ፋኑኤልንም የሚያጽናና ጌታ ያጽናችሁ።

ለመጻፍ ዘግይቻለሁ። እዚህ የሚያውቁኝ ሁሉ ልጇ ሞተችባት ነው የሚሉት፤ አላረምኳቸውም። ጫማው ልኳ ነበር ወይ ብዬ ልጠይቃት ስልኬን አነሣለሁ። ከዚያ አስቀምጠዋለሁ።

እውነቱን ንገሪኝ ብለውኛል፣ እነግርዎታለሁ። ቀለሙ ምንም አያደርግም። የትም ቦታ ቢቀባ፣ ብሎኑ ላይም ቢሆን፣ ቀለም ነው። እኛ በየቀኑ እንሠራበታለን፣ ጎማ የወጣበት ደንበኛ የለንም። ይህን ለእትዬም ለፋኑኤልም በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

ብሎኑ አልጠበቀም ነበር። እኔ ጎማውን መንቀል አያስፈልግም ብዬ ጽፌልዎ ነበር፤ ወረቀቱ ቤትዎ አለ፣ አውጥተው ማየት ይችላሉ። እርስዎ ነቀሉት። መልሰው ሲገጥሙ የፊት ቀኙን ሳያጠብቁ ረስተውታል። ራስዎም እኮ አላስታውስም ብለዋል። ዕድሜ ነው፣ ማንም በዚህ ዕድሜው ሊረሳ ይችላል። እሷ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነግራዎታለች።

ፋኑኤል ጎሚስታ ጋ አይሂድ፤ የሞተን ሰው ቁስል እንደ መነካካት ነው፣ የሚገኝ ነገርም የለም። በቀሩት ጎማዎች ላይ ያለውን ቀለም ዛሬውኑ ልጠው ያቃጥሉት፤ ጀርባውን፣ የብሎን ቀዳዳውንና ብሎኖቹንም ሳያስቀሩ። እትዬ በግቢው ባለፉ ቁጥር ያንን ነጭ ማየት የለባቸውም።

ይህን ደብዳቤ ለብቻዎ አይያዙት። እትዬና ፋኑኤል ባሉበት፣ እርስዎ ራስዎ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው። የሚሉዎትን ስለማይሰሙት፣ ምን እንዳሉ ፋኑኤል ይጻፍልኝ።

እጸገነት